«በጎግል ግቡ» የሚለው አዝራር ባለቤት ያደርጋል ወይ?

ጥያቄው የመጣው እዚሁ ጅማ በቡና ሥራ ዙሪያ ከተሰባሰቡ ወጣቶች ነው። 80 ያህል አባላት አሏቸው፤ ከፊሎቹ በከተማው የሚኖሩ ቀማሾችና ነጋዴዎች፣ ከፊሎቹ ደግሞ በአጋሮ ዙሪያ፣ በማናና በሊሙ ኮሳ ያሉ አልሚዎች ናቸው። ሦስት አነስተኛ አገልግሎቶችን ሠርተዋል፦ የመወያያ ገጽ፣ የናሙናና የቅምሻ ውጤት መዝገብ፣ እንዲሁም የሻጭና የገዥ ማስታወቂያ ሰሌዳ። አባላቱ ለእያንዳንዱ የተለየ የይለፍ ቃል መያዝ ስለተቸገሩ «በጎግል ግቡ» የሚለውን አዝራር ለማስገባት አስበዋል። «አዝራሩን ብናስገባና መረጃው የአባላቱ መሆኑን በመተዳደሪያ ደንባችን ብንጽፍ፣ ያልተማከለና ተጠቃሚው የመረጃው ባለቤት የሆነበት መረብ ሠራን ማለት እንችላለን ወይ? ካልሆነስ ምን እናድርግ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

አትችሉም። አዝራሩ የይለፍ ቃል መብዛትን ችግር በሚገባ ያቃልላል፤ የባለቤትነትን ጥያቄ ግን አይመልሰውም። እንዲያውም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ ቀድሞ በሦስት ቦታ ተበትኖ የነበረውን የአባሉን ስም ሰብስቦ በአንድ የውጭ ድርጅት እጅ ያኖረዋልና። የመረጃ ባለቤትነት የሚጀምረው ከስም ነው። ስሙ በማን እጅ እንዳለ ሳይወሰን፣ በስሙ የተመዘገበው የማን እንደሆነ በደንብ ላይ ቢጻፍ አባሉን ከችግር ቀን አያድነውም።

ይህን ነገር ከቅርብ ያየሁት ሄርማታ መርካቶ አጠገብ በነበረኝ የሥራ ቦታ ነው። ከአጋሮ በኩል የመጡ አንድ ቡና አልሚ ስልካቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው «ገጼ አልከፈት አለኝ» አሉኝ። ሲም ካርዳቸው ለረጅም ወራት ሥራ ላይ ሳይውል በመቆየቱ ቁጥሩ ተቋርጦ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ይጠቀሙበት የነበረው ማኅበራዊ መረብ የሚያውቃቸው በዚያ ቁጥር ብቻ ስለነበር፣ የማረጋገጫ ኮዱ የሚደርሰው ለማያውቁት ሰው ሆኗል። ደወልንለት፤ ሰውየው በትሕትና አነጋገረን፤ እርሱም ቢሆን ቁጥሩን በሕጋዊ መንገድ የገዛ ነው። በገጹ ላይ የዓመታት ሥራ ነበር፦ በአልጋ ላይ የተሰጣ የታጠበ ቡና፣ ቀይ እሸት የሚለቅሙ ልጆቻቸው፣ ገዥዎች የጻፉላቸው ምስክርነት። ለድርጅቱ ሁለት ጊዜ አመለከትን፤ መልስ አልመጣም። ፎቶዎቹን ያነሱት እርሳቸው፣ የታዩትም ልጆቻቸው ሆነው ሳለ፣ ገጹን ማንም እየገባ ያየዋል፣ እርሳቸው ግን አንዱንም ማውረድም ማጥፋትም አልቻሉም። የጠፋባቸው ፎቶ ሳይሆን ስም ነው፤ ፎቶው ስሙን ተከትሎ ሄደ።

አሁን አዝራሩ ሲጫን ምን እንደሚሆን እንመልከት። ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራበት መንገድ ኦአውዝ 2.0 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ደረጃ ነው። በላዩ ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 ኦፕንአይዲ ኮኔክት ተጨመረ፤ ኦአውዝ ፈቃድን ሲያስተላልፍ ኦፕንአይዲ ኮኔክት ደግሞ የገባው ማን እንደሆነ ይናገራል። አባሉ አዝራሩን ሲነካ የእናንተ ገጽ ወደ ጎግል ይልከዋል፤ እዚያ ራሱን ያረጋግጣል፤ ጎግል አንድ የአንድ ጊዜ ኮድ ይዞ እንዲመለስ ያደርጋል፤ የእናንተ ሰርቨር (አገልግሎታችሁን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር) ኮዱን ሰጥቶ በጎግል ፊርማ የታተመ ማስረጃ ይቀበላል። በማስረጃው ውስጥ ሁለት ዋና ነገሮች አሉ፦ ማስረጃውን የሰጠው ማን እንደሆነና እርሱ ለሰውየው የሰጠው ቁጥር። ይህ ቁጥር ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ትርጉም የሚኖረው ከሰጪው ጋር ተጣምሮ ነው። ስለዚህ የአባላችሁ ሙሉ ስም «ጎግል ዘንድ እንዲህ ተብሎ የሚታወቀው ሰው» ይሆናል ማለት ነው። ጎግል አካውንቱን በማናቸውም ምክንያት ቢዘጋው፣ በእናንተ መዝገብ ያለው ስም ማንም ሊከፍተው የማይችል በር ሆኖ ይቀራል። ብዙ ሠሪዎች ይህን ለማምለጥ ሰውየውን በኢሜይል አድራሻው ይለዩታል፤ ይህ ደግሞ የባሰ ስህተት ነው፤ የኢሜይል አድራሻም እንደ ስልክ ቁጥር ለሌላ ሰው ሊተላለፍ ይችላልና።

በአንድ በር መተማመን በርካታ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ሊጎዳ እንደሚችልም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ከፌስቡክ የ30 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የመግቢያ ቶከን (የገባ ሰው የይለፍ ቃሉን ዳግም ሳይጠየቅ የሚያልፍበት ዲጂታል ማለፊያ) ተሰረቀ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ደግሞ ለ6 ሰዓት ያህል ከአገልግሎት ሲወጣ፣ በፌስቡክ አካውንት ብቻ ይገቡባቸው የነበሩ ሌሎች ድረ ገጾችም ለተጠቃሚዎቻቸው ተዘጉ።

እንግዲህ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፦ ስሙን፣ መረጃው የሚቀመጥበትን ማከማቻና መረጃው የሚታይበትን መተግበሪያ። በተለመዱት መረቦች ሦስቱም የአንድ ድርጅት ናቸው። ያልተማከሉ የሚባሉት መረቦች ሦስቱን በተለያየ መጠን ይነጣጥሏቸዋል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም እዚህ ላይ ነው። እኔ የምመዝናቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ማከማቻውን የያዘው አካል ነገ ቢዘጋ፣ ቢጠፋ ወይም ቢከለክል፣ አባሉ ያለ እርሱ ፈቃድ ስሙንና ሥራውን ይዞ መውጣት ይችላል ወይ?

በዚህ ጥያቄ ብንመዝነው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በኦይገን ሮችኮ የተጀመረው ማስቶዶን የተባለው ማኅበራዊ መረብ ከግማሽ መንገድ ይቀራል። የሚሠራበት አክቲቪቲፐብ የተባለው ፕሮቶኮል (ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበት የጋራ ደንብ) እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የዌብ ደረጃዎችን በሚያወጣው በደብልዩ ስሪ ሲ ጸድቋል፤ በርካታ ሰርቨሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት የተፈተነ መንገድ ነው። ነገር ግን የሰውየው ስም ከሰርቨሩ ስም ጋር ተጣብቋል። ወደ ሌላ ሰርቨር ሲዛወር ተከታዮቹን ማስከተል ይችላል፤ የጻፋቸው ጽሑፎች ግን እዚያው ይቀራሉ። ዝውውሩንም የሚያበስረው የቀድሞው ሰርቨር ስለሆነ፣ ያ ሰርቨር በድንገት ከጠፋ ተከታዮቹም አይከተሉም። ለወዳጅነት ወግ ይህ ሊበቃ ይችላል፤ የአምስት ዓመት የቅምሻ ውጤቱን የሥራ ምስክር አድርጎ ለሚይዝ አልሚ ግን አይበቃም።

በሌላው ጫፍ ያለው እ.ኤ.አ. በ2020 የተጀመረው ኖስተር የተባለው መረብ ነው። በኖስተር ስም ማለት የቁልፍ ጥንድ ነው (ቁልፍ ማለት ረጅም ልዩ ቁጥር ነው)፤ ይፋዊው ቁልፍ ስምህ ነው፣ በምስጢራዊው ትፈርማለህ፤ ከመካከል ፈቃድ ሰጪ የለም። ባለቤትነቱ ፍጹም ነው፤ ኪሳራውም እንዲሁ ፍጹም ነው። ምስጢራዊው ቁልፍ ከጠፋ የሚመልሰው የለም፤ ከተሰረቀም ሌባው ለዘለዓለም አንተን ሆኖ ይጽፋል። ስልክ በዝናብ በሚበላሽበት፣ ለጥገና ተሰጥቶ ተጠርጎ በሚመለስበት፣ አንዱ ስልክ ከአባት ወደ ልጅ በሚዞርበት አካባቢ ይህን ለ80 ሰው ማስያዝ ተገቢ አይመስለኝም።

የዌብ ፈጣሪ ሰር ቲም በርነርስ ሊ የመሠረቱት ሶሊድ በአስተሳሰቡ ከሁሉም ይልቅ ለጥያቄያችሁ ይቀርባል። እያንዳንዱ ሰው ፖድ የሚባል የራሱ ማከማቻ ይኖረዋል፤ መተግበሪያዎች መረጃውን ለማንበብም ለመጻፍም ከባለቤቱ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ፈቃዱም ለእያንዳንዱ ፋይል ሊለያይ ይችላል። የተዘጋጁ መተግበሪያዎቹ ግን ጥቂት ናቸው፤ እናንተን የመሰለ ትንሽ ቡድን አብዛኛውን ነገር ከባዶ መሥራት ይኖርበታል።

እኔ የምመክራችሁ ብሉስካይ የተባለው ማኅበራዊ መረብ የተሠራበትን ኤቲ ፕሮቶኮልን ነው፤ ምክሬ ግን አንድ ብርቱ ቅድመ ሁኔታ አለው፣ እርሱንም ከታች እገልጻለሁ። በዚህ ፕሮቶኮል እያንዳንዱ ሰው ዲአይዲ የሚባል የማይለወጥ መለያ አለው፤ የዲአይዲ ደረጃ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022 በደብልዩ ስሪ ሲ የጸደቀ ነው። ሰዎች የሚያዩት መጠሪያ የዶሜይን ስም (እንደ ድረ ገጽ አድራሻ ያለ) ሲሆን ሊለወጥ ይችላል፤ መለያው ግን አይለወጥም። መጠሪያው እውነተኛ የሚሆነው ከሁለቱም ወገን ሲረጋገጥ ነው፦ ዶሜይኑ ወደ መለያው ይጠቁማል፣ የመለያው ሰነድም (የመለያውን ቁልፎችና ማከማቻ የሚገልጸው ጽሑፍ) መልሶ ወደ ዶሜይኑ ይጠቁማል። የሰውየው ጽሑፎች በሙሉ በፊርማው የታተመ አንድ መዝገብ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ መዝገቡን የሚይዘው የግል መረጃ ሰርቨር ሊቀየር ይችላል፤ አዲሱ ሰርቨር ሲረከብ ፊርማው መዝገቡ ያልተነካካ መሆኑን ይመሰክራል። ነገሩ ቡናን መጋዘን እንደማስገባት ነው፤ መጋዘኑ የሌላ ሰው ቢሆንም ደረሰኙ በእጅ እስካለ ድረስ ቡናው ወደ ሌላ መጋዘን ይዛወራል።

ቅድመ ሁኔታው እዚህ ላይ ነው። መለያው በብዛት በሚሠራበት ዓይነቱ፣ ፒኤልሲ በሚባለው፣ የመለያውን ሰነድ ለመለወጥ ሥልጣን ያላቸው እስከ 5 የሚደርሱ ቁልፎች በቅደም ተከተል ይመዘገባሉ። አካውንት በተለመደው መንገድ ሲከፈት ግን እነዚህን ቁልፎች የሚይዘው ሰርቨሩ ነው። አባሉ የራሱን ቁልፍ ከሰርቨሩ ቁልፍ በላይ ካላስመዘገበ፣ ከጎግል ወጥቶ ወደ እናንተ ገባ እንጂ ባለቤት አልሆነም። ደረሰኙም በባለ መጋዘኑ ኪስ ቀረ ማለት ነው። ካስመዘገበ ግን፣ በበታች ቁልፍ የተደረገን ለውጥ በ72 ሰዓት ውስጥ በራሱ ቁልፍ መሻር ይችላል፤ ሰርቨራችሁ ቢሰበርም ሆነ ቢሰረቅ ስሙን ወደ ሌላ ሰርቨር ማዛወር ይችላል። ለውጦቹን የሚመዘግበው ማውጫ ግን በአንድ ቦታ የሚተዳደር መሆኑን ልሰውራችሁ አልፈልግም፤ ለውጦቹ የሚፈረሙ ስለሆኑ ማውጫው በስማችሁ ሐሰት መጻፍ አይችልም፣ ሆኖም አልመዘግብም ማለት ይችላል። ዌብ የተባለው ሌላው የዲአይዲ ዓይነት ከዚህ ነጻ ቢሆንም በዶሜይኑ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ የዶሜይኑ ዓመታዊ ክፍያ ከተረሳ ስሙ ከነሥሩ ይሄዳል። 80 ሰው በአንድ የማኅበር ዶሜይን ላይ ለማንጠልጠል ስለማልደፍር ፒኤልሲን እመርጣለሁ።

በአንድ መግቢያ መጠቀምን በተመለከተ፣ ባልተማከለ መረብ አንድ ልዩ ችግር ያጋጥማል። ለጎግል አዝራር መተግበሪያችሁን አስቀድማችሁ ጎግል ዘንድ ታስመዘግባላችሁ። ሰርቨሮቹ በሺህ የሚቆጠሩና የማይታወቁ ሲሆኑ ግን በእያንዳንዱ ዘንድ መመዝገብ አይቻልም። በኤቲ ፕሮቶኮል መተግበሪያው የራሱን ማንነት የሚገልጽ ሰነድ በድረ ገጹ ላይ ያስቀምጥና የሰነዱን አድራሻ እንደ መታወቂያው ያቀርባል። ቶከኑም ከመተግበሪያው ቁልፍ ጋር ይታሰራል፤ በመንገድ ላይ የሰረቀው ሰው ሊጠቀምበት አይችልም። ከዚህ ሁሉ በላይ ሠሪው አንድ ማጣሪያ እንዳይዘለል አደራ እላለሁ፦ አንድ ሰርቨር «የገባው እገሌ ነው» ብሎ መለያ ሲልክላችሁ፣ የዚያን መለያ ሰነድ ራሳችሁ አውጥታችሁ፣ ማከማቻው በእርግጥ ለዚያ ሰርቨር የተሰጠ መሆኑን ማየት አለባችሁ። ይህ ከተዘለለ ማንም ሰው የራሱን ሰርቨር አቁሞ በማኅበራችሁ ሊቀመንበር ስም ሊገባ ይችላል። የሠራ ሁሉ ይሠራል ብሎ የሚያልፈው ቦታ ይህ ነውና ኮዱን በሌላ ሰው ዓይን አስመርምሩት።

መዝገቡ ይፋ መሆኑንም አስቀድማችሁ እወቁ። በኤቲ ፕሮቶኮል መዝገብ ውስጥ የተጻፈ ነገር በማንም ሊነበብና ሊቀዳ ይችላል። ባለቤት መሆን ማለት ምስጢር መያዝ ማለት አይደለም፤ ሁለቱን ማደባለቅ ጉዳት ያመጣል። አንድ አባል ጽሑፉን ቢሰርዝ ከራሱ መዝገብ ይወጣል፤ የስረዛው መልእክትም ለሌሎች ይደርሳል፤ ቀድሞ የቀዳ ሰው ግን ቅጂውን እንዲያጠፋ የሚያስገድደው ቴክኒክ የለም፤ ይህ በማስቶዶንም በኖስተርም ያው ነው። ስለዚህ ውይይቱና የሽያጭ ማስታወቂያው በመዝገቡ ውስጥ ይሁኑ። የዋጋ ስምምነት፣ የስልክ ቁጥር፣ የማሳው ካርታና ገና ያልተገለጸ የቅምሻ ውጤት ግን በእናንተው የተዘጋ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጡ። ወደዚያም አባሉ በዚያው በዲአይዲው ይገባል፤ እናንተም የእርሱን መዝገብ በዲአይዲው ትለዩታላችሁ። በዚህ ክፍል የባለቤትነቱ መገለጫ የተለየ ይሆናል፦ አባሉ ማንንም ሳይለምን ሙሉ መረጃውን በተመን ሉህ የሚያወርድበትና የሚያጠፋበት ገጽ ሊኖረው ይገባል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ እንዲያይ፣ እንዲያርምና እንዲያስጠፋ መብት ስለሚሰጥ፣ ይህ በጎ ፈቃዳችሁ ብቻ አይደለም።

በፋይዳ መታወቂያ እንዲገቡ ብናደርግስ የሚል ሐሳብ እንደሚነሳ እገምታለሁ። ፋይዳ በኦፕንአይዲ ኮኔክት መንገድ ማንነትን ማረጋገጥ ይችላል፤ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመ ሕጋዊ መታወቂያም ነው። ነገር ግን ሰውየው በእርግጥ ሰውየው መሆኑን የሚመሰክርን ነገር የዕለት ተዕለት የመወያያ ስም ማድረግ ሰው የሚጽፈውን ሁሉ ከሕጋዊ መታወቂያው ጋር ያስተሳስራል። ሻጭን ማረጋገጥ ካስፈለጋችሁ አንድ ጊዜ አረጋግጡና «ተረጋግጧል» የሚለውን ብቻ ያዙ፤ ቁጥሩን አታስቀምጡ።

ወደ ሥራው ስትገቡ፣ ለ20 ያህል ሰው የሚሆን የግል መረጃ ሰርቨር 1 ጊጋባይት ሜሞሪና 20 ጊጋባይት ዲስክ ባለው አነስተኛ የኪራይ ማሽን ላይ ይቆማል፤ ለ80 ሰው ከፍ ያለ ተከራዩ፤ ፎቶ ስለምታበዙ ዲስኩ ላይ አትሰስቱ። መጠሪያው የዶሜይን ስም ስለሆነ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ለሰዎች የሚታየው ስም ግን በግእዝ ፊደል ሊሆን ይችላል፣ እንዲሆንም አድርጉ። ምትኬ ስትይዙ ደግሞ የሚወርደው መዝገብ ጽሑፉን እንጂ ፎቶዎቹን እንደማይዝ አስታውሱ፤ ፎቶዎቹ ለብቻቸው መቀዳት አለባቸው። ይህን ሳያውቁ መዝገቡን ብቻ ይዘው የተዛወሩ ሰዎች ጽሑፋቸው መጥቶ ፎቶው ባዶ ሳጥን ሆኖ ያገኙታል።

አባሉ የሚይዘውን ቁልፍ በስልኩ ላይ ብቻ አታስቀምጡ፤ በወረቀት ላይ ታትሞ ይሰጠው። የነገርኳችሁ አልሚ የመሬት ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ከሣጥናቸው ሥር ነው የሚያኖሩት፤ ለዓመታት አልጠፋባቸውም፤ ስልክ ግን በዚያው ጊዜ ውስጥ አራት ቀይረዋል። ወረቀቱ ያለበት ቦታ ከደብተሩ ጋር ይሁን ብትሏቸው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። ሁለተኛ ቁልፍ ደግሞ አባሉ ከመረጠው የቅርብ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ፤ ቁልፎቹ በቅደም ተከተል ስለሚመዘገቡ የዘመዱ ቁልፍ ከአባሉ በታች ይሆናል፣ ያለ አባሉ ፈቃድ የተደረገም በ72 ሰዓት ውስጥ ይሻራል። ማኅበሩ የአባላቱን የወረቀት ቁልፎች ሰብስቦ በጽሕፈት ቤት ልያዝ ቢል አትፍቀዱ፤ አሳቢነት ቢሆንም ነገሩን ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል።

80ውንም ከማስገባታችሁ በፊት ከሦስት አባላት ጋር ልምምድ አድርጉ። ሰርቨሩን በእውነት አጥፉት፤ ከዚያም ከሦስቱ አንዱ፣ በተለይም በኮምፒውተር ሥራ ያላደገው፣ የወረቀት ቁልፉንና የምትኬ ፋይሎቹን ብቻ ይዞ በሌላ ሰርቨር ላይ በቀድሞ ስሙ እንዲነሳ እርዱት። የት ቦታ እንደተደናቀፈ፣ የትኛውን ቃል እንዳልተረዳ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀ መዝግቡ፤ መመሪያውንም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የምትጽፉት ከዚያ መዝገብ ተነስታችሁ ይሁን። ልምምዱ ካልተሳካ፣ ለጊዜው በጎግል አዝራር ሥሩ፤ ነገር ግን በደንባችሁ ላይ «መረጃው የአባላቱ ነው» የሚለውን አንቀጽ ልምምዱ እስኪሳካ ድረስ አትጻፉት።